የሦስተኛው ደሴት ስህተት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ይኸው አራተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ውስጥ ጀምሬ ከመውረዴ በፊት ቀደድኩት። ሁለተኛውን በምሳ ሰዓት መናፈሻ ውስጥ፣ ሦስተኛውን እማዬ ወጥ ቤት ቆሜ። ይህን ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ ማሽኑ እስኪጨርስ አንድ ሰዓት ያህል አለኝ። ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ እዞራለሁ። አጠገቤ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ልብሱ የትም አይሄድም፤ ተቀመጪ» አሉኝ። ሳቅኩና ተቀመጥኩ። ይኸው ደግሞ ተነስቻለሁ።

ማክሰኞ የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ለዳኞቹ የጻፍሽውን አየሁት። እዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የተናገርሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ኮራሁብሽ» ይላል። አንብቤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ደውለሃል። ለእማዬ «ሥራ በዝቶብኝ ነው የማላነሳው» ብያታለሁ፤ ውሸቴን ነው። ያላነሳሁት «አመሰግናለሁ» ማለት ስላልቻልኩ ነው። ያ «ኮራሁብሽ» ያልከው ቃል የኔ አይደለም፤ በስህተት እኔ ቤት የገባ የሰው ዕቃ ነው።

ግማሹን ታውቀዋለህ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ መሀል ላይ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ሳልጨርሰው አመልጣለሁ።

ሥራውን ያገኘሁት ባንተ ነው። አንተና ሻለቃ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ያደጋችሁ ሰዎች ናችሁ። እሱ ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚራመድ ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፣ እማዬ ሳትቀር ሻለቃ ትለው ነበር። ድርጅቱን እሱ ሲከፍት አንተ ዋና ፕሮግራመር ሆንክ፣ እኔን ደግሞ የኮምፒውተር ጨዋታ ፈታሽ አድርጋችሁ አስገባችሁኝ። ከጥርስ ሐኪሙ በላይ ባለው ፎቅ፣ የመቦርቦሪያው ድምፅ ከወለሉ ሥር እየመጣብን፣ አሥራ አራት ሰዎች ሆነን አራት ዓመት «ማዶ» የተባለውን ጨዋታ ሠራን። እናንተ ትሠራላችሁ፣ እኔ እሰብራለሁ። ግድግዳ ውስጥ የሚሰምጥ ሰው፣ በአየር ላይ የሚቀር ጀልባ፣ ሁለት ጊዜ የሚሞት ሽማግሌ እየለቀምኩ እመዘግባለሁ። በኋላ የፍተሻው ኃላፊ አደረጋችሁኝ።

እማዬ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ስትለኝ የፕሮግራሙን ስህተት በእንግሊዝኛ ስሙ ጠርቼ «ባግ ሳገኝ» ያልኳት ቀን ትዝ ይልሃል? «የማን በግ ነው የጠፋው?» አለች። አንተ ሳቅህ መልሶ እያነቀህ «የኛው በግ ነው እማዬ፣ በሽ በሽ ነው» አልካት። ከዚያ በኋላ ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥላ «በጎቹ ደህና ናቸው?» ነው የምትለው። አሁንም ትላለች።

«ማዶ»ን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግን እስቲ እኔ እንዳየሁት ልንገርህ። ውሃ እየዋጣት ያለች ከተማ አለች፤ ተጫዋቹ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሰዎችን ከነዕቃቸው ወደ ማዶ ወደ ደሴቶቹ ያሻግራል። አንዷ የልብስ ስፌት መኪናዋን ካልያዝኩ አልሄድም ትላለች፤ አንዱ የቤቱን በር ነቅሎ ይመጣል። የማን ዕቃ ይጫን፣ የማን ይቅር የሚለውን መወሰን ነው ጨዋታው። ፈታሽ ሆኜ ሺህ ጊዜ ተጫውቼው እንኳ ያቺ የበሩ ባለቤት ሚስት «በሩን ካመጣኸው ማን ያንኳኳዋል?» ስትል ሆዴ ይባባል። ቆንጆ ጨዋታ ነው። ይህን መቼም አልክድም።

ስህተቱን ያገኘሁት ልንለቀው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። ጀልባዋ ከመቶ በላይ ዕቃ ጭና ሦስተኛው ደሴት ላይ ካረፈች፣ ተጫዋቹም የደረሰበትን እዚያው አስቀምጦ ከወጣ፣ ሲመለስ ምንም የለም። ያሻገራቸው ሰዎች የሉም፤ የራሱ ስም እንኳ የለም። «አዲስ ጨዋታ ጀምር» ብቻ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ዝርዝሩ ላይ «ከባድ» ብዬ መዘገብኩት። ከባድ የሚል አንድ እንኳ እስካለ ድረስ ጨዋታ አይወጣም የሚለውን ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ። መጥተህ ትከሻዬን መታ አድርገህ «ጎበዝ! ይሄ ሳይታወቅ ቢወጣ ጉድ ሆነን ነበር» አልከኝ። ማዳመጫህን ጆሮህ ላይ ደፍተህ ምክንያቱን ስትፈልግ ሁለት ቀን ዋልክ። ለሻለቃም «የመውጫው ቀን ይገፋ» አልከው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ገፍተነዋል።

አሁን የማታውቀው ይመጣል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሻለቃ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። አንተ ጀርባህን ሰጥተኸን ማዶ ጥግ ላይ ነበርክ።

«ስንት ሰው ይነካል ትያለሽ?» አለኝ።

«ጥቂት።»

«ጥቂት ማለት?»

«ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ያን ያህል ዕቃ የሚጭን ሰው ብዙ አይደለም።»

ሻዩን አማሰለ። «ወንድምሽ ምን ይላል?»

ይቺን ጥያቄ ስንት ዓመት እንደሰማኋት አታውቅም፣ ወንድም ጋሼ። ትምህርት ቤት፣ ቤት፣ ቢሮ። ምን ልብላ ብል እንኳ ወንድምሽ ምን ይላል የምባል ይመስለኝ ነበር።

«የጠየቅኸው እኔን ነው» አልኩት።

«እሺ፣ አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ከባድ ነው?»

ዝርዝሩን ከፈትኩ። ሐሳቤ የቆረጠ መስሎኝ ነበር። «ከባድ» የሚለውን አጥፍቼ «መካከለኛ» አደረግኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«በመጀመሪያው ሳምንት ይታረማል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሻዬን ትቶልኝ ሄደ። አላዘዘኝም። አልለመነኝም፣ አላስፈራራኝም። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩለት። ደረጃውን ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ መልሴ በየቀኑ ይለያያል። አንድ ቀን ደክሞኝ ነው እላለሁ፤ በእርግጥም ደክሞኝ ነበር። ሌላ ቀን የጨዋታችን ሰዓሊ ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ጨዋታው ወጥቶ ሳላየው ልወልድ ነው እያለች ስታለቅስ ስላየሁ ነው እላለሁ። አንተ ታስተካክለዋለህ ብዬ ስለተማመንኩም ይሆናል። እውነተኛው ግን ይሄ ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ካንተ አፍ ሳልቀበል በራሴ ቃል «ዝግጁ ነው» ማለት አማረኝ። ለዚህ የመረጥኩት ቀን ግን የዕድሜዬን ትልቁን ስህተት የሠራሁበት ቀን ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ስብሰባ ላይ ዝርዝሩን ስታየው ፊትህ ሲቀየር አየሁ።

«ማነው የነካው?» አልክ። «የእህቴን ሥራ ማነው የነካው?»

መዝገቡ «በኃላፊ ተቀይሯል» ብቻ ነው የሚለው። የመቀየር ፈቃድ የነበረን ደግሞ እኔና ሻለቃ ነን። እኔ ላደርገው እንደማልችል ስላመንክ፣ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሻለቃ አንድ ጊዜ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«ውሳኔው የኔ ነው» አለ። «በቀኑ ይወጣል።»

«ሌባ ነህ!» አልከው። «የሰው ቃል የምትሰርቅ ሌባ! ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም!»

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ላይ ያደጋችሁ ሰዎች! ጃኬትህን አንስተህ ወጣህ። ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩብህ። አሁን ይናገራል አፌ አልኩ። «አንቺ እንዳትለቂ» አልከኝ። «እውነቱን የጻፈ አንድ ሰው እንኳ እዚያ ይቅር።» ከታች የጥርስ ሐኪሙ መቦርቦሪያ ይጮህ ነበር። «እሺ» አልኩህ። አራት ዓመት ስህተት ስለቅም ኖሬ ከሁሉ የሚከፋውን በሁለት ፊደል አሳለፍኩት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ነቀዘ።

ስሜን ከሠሪዎቹ ዝርዝር አውጡልኝ ብለህ ጻፍክ፤ ወጣ። አንተ ሌላ ከተማ ሄደህ ለሊፍት ድርጅት ፕሮግራም መጻፍ ጀመርክ። «ሊፍት ተሳስቶ በኋላ አርማለሁ አይባልም፤ እዚህ ይሻለኛል» ብለህ ለእማዬ ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ።

«ማዶ» ወጣ። ሰው ወደደው። የሚጻፍለትን አይተሃል፤ እየፈለግህ እንደምታነብ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ቢሯችን የሠርግ ቤት መስሎ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ሰዎች ሦስተኛው ደሴት መድረስ ጀመሩ። ከመቶ አንድ ያልኩት ከመቶ ዘጠኝ ሆነ። ዕቃ የሚጭን ሰው ብዙ አይደለም ብዬ አልነበር? ሰው እኮ የማንንም ዕቃ መተው አልቻለም! ጨዋታው ያን ያህል ስለተወደደ ሁሉም ጀልባውን እስከ አፉ ይጭን ነበር። ስህተቱ የሚይዘው በጣም የወደዱትን ሰዎች ነበር።

ብዙዎቹ ተሳደቡ። ከስድቡ ይልቅ አንድ ደብዳቤ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጡረታ የወጡ የስፌት መምህርት ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ፣ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ነው። «አልተቆጣሁም» ብለው ጻፉ። «ሰባ አንድ ሰዓት ተጫውቻለሁ፤ ሁሉንም የተጫወትኩት እጥበት ላይ ሆኜ ነው። እንደገና እጀምራለሁ። የትኛው ቦታ ላይ እንደሚጠፋ ብቻ ንገሩኝ፣ እዚያ እንዳልሄድ።»

ለእሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ የተዘጋጀውን መልስ ላክኩ፤ ስለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ምናምን።

ስህተቱን ለማረም አምስት ሳምንት ፈጀብን። ይህንንም አታውቅም፤ ያረምነው ባንተ ሥራ ነው። ባንተ ቦታ የተቀጠረው ፕሮግራመር ኮምፒውተርህ ውስጥ ሲፈልግ ምክንያቱን ያገኘህበትን፣ ግማሹንም ያረምክበትን ጽሑፍ አገኘ። ቀኑ ያው ሐሙስ ነው። እኔ «መካከለኛ» ብዬ ስጽፍ አንተ አሥር እርምጃ ርቀህ መድኃኒቱን ይዘኸው ነበር። ሰውየው «ይህን የጻፈው የት ሄደ?» አለኝ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ስምንት ወር አለፈና «ማዶ» የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ለሚባለው ሽልማት ታጨ። ያኔ ክርክሩ ተነሳ፤ እንደዚያ ተሰባብሮ የወጣ ጨዋታ ትልቁን ሽልማት ማግኘት አለበት ወይስ የለበትም? ውጭ ብቻ አይደለም፣ እኛም ቢሮ ምሳ ላይ እንከራከር ነበር። ሰዓሊዋ ልጇን ታቅፋ መጥታ «ሲወለድ የታመመ ልጅ ድኖ ከክፍሉ አንደኛ ቢወጣ ሽልማት ይከለከላል?» አለች። ሙዚቃ ሠሪው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልጁማ አይከለከልም። ግን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚቀበልለት ያሳመመው አባት ሲሆን ያስጠላል» አለ። ሻለቃ ቀና ሳይል ይበላ ነበር። እኔም አቀርቅሬ ነበር፤ ሁለታችን አንድ ሳህን ውስጥ የጣልነውን ነገር የምንፈልግ ነበር የምንመስለው።

አንድ ቀን ልቤ አላርፍ ቢለኝ የስፌት መምህርቷ ጋ ሄድኩ። የጨዋታውን ትልቅ ሥዕል ጠቅልዬ ስጦታ ላደርስ ነው በሚል ሰበብ ነው። እጥበት የሚያደርጉበት ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። ክንዳቸው ከማሽኑ ጋር ተያይዟል፣ በሌላው እጃቸው ይጫወታሉ። ሁለተኛው ደሴት ላይ ነበሩ።

«ሦስተኛው አሁን ደህና ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። እጄ ግን እሺ አላለኝም።»

ስለ ሽልማቱ ጠየቅኳቸው። ሽልማት የሚገባው መሆኑን ከተጎዳው ሰው አፍ ሰምቼ ልገላገል ፈልጌ ነበር። እሳቸውም ሳያወላውሉ «ይገባዋል እንጂ!» አሉ። «በዚህ አልጋ ላይ እንዲህ ቀኑን ያሳጠረልኝ ነገር የለም።» ደስ አለኝ። ቀጠሉና «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስፌት አስተምሬያለሁ። ልብስ ሰፍተሽ ቁልፉ ቢወልቅ፣ ትተክዪዋለሽ፣ አለቀ። እጅጌው ውስጥ መርፌ ረስተሽ ብትሰጪም፣ ሰው ነሽ፣ ይቅር ይባላል። መርፌው እንዳለ እያወቅሽ ለብሰህ ሂድ ካልሽው ግን፣ ልብሱ የቱን ያህል ቢያምር፣ አንቺ ሰፊ አይደለሽም። እና ታውቁ ነበር?»

ወንድም ጋሼ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አላወቅንም» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉ። ክንዴን ዳሰስ አደረጉኝና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንዲህ ቁጭ ብድግ ማለት የያዝኩት። አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት አንድ ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሁለት፤ አንዳንዴ ቢሮ ድረስ። ሰው ሲያዋራኝ ግማሹን አልሰማም። እማዬ «ምን ሆነሻል? እግርሽ ሥር እሳት አለ እንዴ?» ትለኛለች።

በአሥረኛው ቀን የሽልማቱ ዳኞች ሰብሳቢ ደወሉልኝ። የማላውቃቸው ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው የሚቸኩል አይደለም።

«ለሁለት ተከፍለናል» አሉ። «ግማሻችን ዛሬ ያለውን ጨዋታ እንሸልም ይላል። ግማሻችን በመጀመሪያው ቀን አምኖ የከፈተውን ሰው አንርሳ ይላል። ለኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ስህተት የሌለበት ሥራ አይቼ አላውቅም። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሲወጣ ታውቁ ነበር?»

ያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ጊዜ መዋሸት አቃተኝ። «እናውቅ ነበር» አልኩ።

«በጽሑፍ ይሰጡኛል?»

«እሰጣለሁ።»

አንተ ያነበብከው፣ የኮራህበት ጽሑፍ እሱ ነው። «ስህተቱ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተገኝቶ፣ ከባድ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በኋላ ደረጃው ዝቅ ተደረገ» ይላል። እስቲ መልሰህ እየው። ተገኝቶ፣ ተመዝግቦ፣ ዝቅ ተደረገ። ሦስት ግስ ነው፣ አንድም ሰው የለበትም። ማን አገኘ? ማን ዝቅ አደረገ? እውነት የተናገርኩ መስሎኝ በሰዋስው ሥር ተደበቅኩ።

የሽልማቱ ቀን ሁላችንም ሄድን። አዳራሹ ሞቃት ነበር፤ ሰዓሊዋ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። የሌላ ጨዋታ ስም ተጠራ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን የሠራችው ትንሽ ጨዋታ ነው፣ በእርግጥም የጸዳ ሥራ። ሰዓሊዋ እጄን ለቀቀችው። ከኛ ረድፍ መጀመሪያ ተነስቶ ያጨበጨበው ሻለቃ ነው። ሌሎቹም ተከትለው ተነሱ። እኔ፣ ስንት ቀን መቀመጥ ያቃተኝ ሴትዮ፣ ያን ቀን መነሳት አቃተኝ።

በማግስቱ ዳኞቹ ምክንያታቸውን ከነጽሑፌ አወጡት። ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ። «ዝቅ ተደረገ» የሚለውን ያነበበ ሁሉ ዝቅ ያደረገውን ፈለገ፤ አለቃ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ሻለቃን ያልሰደበው ሰው የለም። ልጁን ክፍል ውስጥ «ሌባው አባትሽ ነው?» ብለዋታል። አንተ ያን ቀን የጠራኸው ስም ነው፤ ከየት አግኝተውት ይሆን? አንዲት ቃል አላስተባበለም። ማክሰኞ ደግሞ ያንተ መልእክት መጣ።

ረቡዕ ጠዋት ሰው ሳይገባ ሻለቃ ቢሮ ሄድኩ። ቆሞ አበባ ያጠጣ ነበር።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«መቼ?»

«ያን ቀን። አሁንም።»

ጣሳውን አስቀመጠ። «ያን ቀንማ እኔም ንጹሕ አልነበርኩም» አለ። «ሰው መስማት የሚፈልገውን መልስ በዓይኑ ይዞ፣ በእጁ ሻይ ይዞ መጥቶ ሲጠይቅ፣ ያ ጥያቄ ነው? ገፍቼሻለሁ። አሁን ደግሞ ራስሽ እስክትመጪ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆየሽ እንጂ።»

«ለወንድሜ ለምን አልነገርከውም?»

«ምን ብዬ? እህትህ ናት ብዬ?» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ከኔ ጋር ቢጣላ አንድ ጓደኛ አጣ። ከአንቺ ጋር ቢጣላ እናታችሁ ቤት ማን ሊገባ ነው?»

እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሱ ማጽናናት አይችልበትም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረልኝ።

ያኑ ቀን ለሰብሳቢዋ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። በዚህኛው ግሶቹ ሁሉ ባለቤት አላቸው። «አገኘሁ፣ መዘገብኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ ሌላ ሰው ሲከሰስበት ዝም አልኩ።» መልሳቸው አጭር ነው፤ «ደርሶኛል። ስለ ሰውየው ከተጻፈው ጎን እንዲወጣ አደርጋለሁ።» ሰኞ ይወጣል። ይህን ደብዳቤ የማጣድፈው ለዚያ ነው። ከኔ በፊት ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።

ለባልደረቦቼም ቆሜ ነገርኳቸው። ሰዓሊዋ እስከ ዛሬ አታዋራኝም፤ አልፈርድባትም። ከፍተሻው ኃላፊነት ወርጃለሁ። ሻለቃ ልልቀቅ ብለው እምቢ አለ፣ ልውረድ ብለው ግን እሺ አለ። አሁን ቀድሞ ከኔ በታች የነበረችው ልጅ አለቃዬ ናት፤ ጎበዝ ናት። የመጀመሪያ ቀኗ ሻለቃ ጠርቷት «ደረጃ ስትሰጪ በሩን ዝጊ። እኔ ባንኳኳም አትክፈቺ» አላት።

የስፌት መምህርቷም ጋ ተመልሻለሁ። «ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨዋታቸውን አጥፍተው አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ሂጂ» አሉኝ። ሌላ ቀን ነይ አላሉኝም፤ አትምጪም አላሉኝም። እሄዳለሁ።

ሽልማቱ ይገባው ነበር ወይ? አንተም ይህን እያሰላሰልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግማሹ ያንተ ነውና። እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው፤ ጨዋታው ይገባው ነበር፣ እኛ ግን አይገባንም ነበር። ዋንጫው ደግሞ ጨዋታው እጅ ላይ አይቀመጥም፣ ሰው እጅ ላይ ነው የሚቀመጠው። ባናውቅ ኖሮ መድረኩ ላይ በደስታ ወጥቼ አለቅስ ነበር። እያወቅን ነው የሸጥነው። ይህን ካንተ በቀር የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ካንተ ጋር ደግሞ የምነጋገርበትን መብት አጥፍቻለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ሳትቆጣ ይቅርታ መለመን እንደገና ማታለል ነው። ተቆጣ። የፈለግከውን ያህል ተቆጣ። አንድ ነገር ብቻ ግን እለምንሃለሁ፤ ለሻለቃ ደውልለት። ባልሠራው ሌባ ብለኸዋል፣ እሱም ዓመት ሙሉ ተሸክሞታል። በሠሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስምህን መልሰን እንድናስገባም ፈቃድህን ጠይቂልኝ ብሎኛል። «እምቢ ካለም ይስደበኝ፣ ድምፁን ልስማው» ነው ያለው።

እማዬ እስካሁን ምንም አታውቅም። እሁድ ሄጄ እነግራታለሁ። ካንተ ቀድማ ደውላ ልታስታርቀን እንደምትሞክር እናውቃለን፤ አትፍቀድላት። ይህ በእኔና ባንተ መሀል ነው።

ከእንግዲህ ስልክህን አነሳለሁ። ብትጮህብኝም አነሳለሁ። ደውለህ ዝም ብትልም፣ አንተ እስክትዘጋው ድረስ አልዘጋውም።

ስህተቱን ያገኘችውም፣ ዝቅ ያደረገችውም፣
እህትህ